ባዶ ያልነው አገር

ከጎባ ወደ ሃረና ስንወርድ ሳነቴን አቋረጥን። ቤት የለም። ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። «እንዴት ያለ ባዶ አገር ነው!» አልን። አብረውን የነበሩት አዛውንት ተማሪያችን ሳቁ። «ልጆቼ፣ ባዶ አይደለም። ፍልፈሉ ከመሬት ሥር አለ፤ ቀይ ቀበሮውም እሱን በልቶ ያድራል» አሉን።

ሰማይም እንዲሁ ነው። ፀሐይና ሌሊት የምናያቸው ከዋክብት የአንድ መንጋ ናቸው። መንጋው ጋላክሲ ይባላል። ሌሎች ጋላክሲዎችም አሉ፤ እጅግ ብዙ ናቸው። በአንድ በኩል እንደ ሃረና ደን ይጠቀጠቃሉ፤ በሌላ በኩል እንደ ሳነቴ ይሳሳሉ። ለምን? ነገር ነገርን ይስባላ! የበዛበት ወገን ከሳሳው ይስባል፤ የሳሳውም ይብስ ይሳሳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡትስ ከተባሉት ከዋክብት ባሻገር፣ እጅግ ርቆ፣ አንድ ትልቅ ባዶ ስፍራ አገኙ። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ያን ስፍራ ለማቋረጥ ግን 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል!

በኋላ አተኩረው ሲያዩ ውስጡ ጥቂት ጋላክሲዎች ተበታትነው ተገኙ። ይህን ለአዛውንቱ ነገርናቸው።

«አላልኳችሁም?» አሉን።