ከቦይ የወጣው ጭቃ

የወናጎን ከተማ አቋርጦ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አስፋልት ዳር ዝናቡ ሲበረታ ቦይ ይጠረጋል፤ የተዛቀው ጭቃ ግን እዚያው የእግረኛ መሄጃው ላይ ይከመራል። ጉልበት ያለው ዘሎት ያልፋል። ክራንች የያዘ ወይም በዊልቸር የሚሄድ ሰው ወደ አስፋልቱ ወርዶ ከአይሱዙ ጋር ይጋፋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል፤ እስከ በሩ መድረስ ካልተቻለ የመግቢያው ራምፕ ለማን ተሠራ? «በጀት የለም» የሚል አይጠፋም። የእግረኛ መሄጃውን ንጣፍ ድንጋይ ማልበስ ገንዘብ እንደሚፈልግ አልክድም። ነገር ግን ገንዘብ ያላቸው የሰሜን አሜሪካ ከተሞችም ለመኪና በረዶ ሲጠርጉ የእግረኛ መንገድ ላይ እየቆለሉ ይወቀሳሉ። ቅድሚያው ለጎማ እስከሆነ ድረስ ሀብትም አያድንም። ማዘጋጃ ቤቱ ጭቃው ከመንገዱ ሳይነሳ የጠረጋ ክፍያ አይፈርም።