ፓፉ ይቁጠርብን ወይስ ይተወን?

ይቁጠር ባዩ ፋርማሲስት፦

“ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ?” ብዬ ስጠይቅ “አልወስድም” ያለኝ የአስም ታማሚ እምብዛም አላጋጠመኝም። ሁሉም “እንዴታ!” ነው መልሱ። ከዚያ ፓፉን ጆሮው ሥር ይነቀንቅና “ገና አለው” ይለኛል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ገፊው ጋዝ ስለሚቀር እንደዚያው ይንቦጫረቃል።

ሰው ውሸታም ነው አልልም፤ ሐኪም ፊት ሁላችንም ጎበዝ ነን። በአሜሪካና በካናዳ ሲጋራ ሳንባቸውን በጎዳባቸው ሰዎች ላይ በተደረገው “የሳንባ ጤና ጥናት”፣ ፓፉ በተጫነ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን የሚመዘግብ መሣሪያ ተገጠመ። መሣሪያው ይህን እንደሚመዘግብ ካልተነገራቸው 101 ሰዎች 30ዎቹ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከ100 ጊዜ በላይ ተጭነው ተገኙ። እንዲህ የሚደረገው ቀጠሮ ሲደርስ ጣሳዋ ባዶ ሆና እንድትታይ ነው። ይህን ያለ መቁጠሪያ ማን ያውቅ ነበር?

በኒውዚላንድ ኦክላንድ ደግሞ በአስም ድንገተኛ ክፍል የገቡ 220 ልጆች ታዩ፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የሁሉም ፓፍ ላይ መቁጠሪያ ነበር፤ በሰዓቱ የሚጮኸው ግን የግማሾቹ ነው። የሚጮኽላቸው ከታዘዘላቸው 84 በመቶ ያህል ወሰዱ፤ ሌሎቹ 30።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ማስታገሻው ሰማያዊ ፓፍ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው የአስም ሞት ምርመራ፣ የታዘዘላቸው ማስታገሻ ብዛት ከታወቀ 165 ሟቾች 65ቱ በዓመት ከ12 በላይ ታዝዞላቸዋል። ያን ሁሉ ተጭኖ የሚያድር ሰው እየባሰበት ነው፤ ይህን ቀድሞ የሚናገር ነገር ቢኖር ምን ይጎዳናል?

አይቁጠር ባይዋ እናት፦

ወንድሜ፣ የኦክላንዱን ጥናት ካነሡት አይቀር፣ መቁጠሪያው የሁሉም ፓፍ ላይ ነበር ብለዋል። እንግዲህ የረዳው ጩኸቱ እንጂ ቆጠራው አይደለም። የሚጮኽ ስልክ ቤቴ ሞልቷል። ደግሞ የአስሙ ስሜት ቢሻላቸውም፣ ከትምህርት ቤት በቀሩበት ቀን ብዛት በሁለቱ ወገን የጎላ ልዩነት አልታየም።

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ፓፉን ሲጫን ጭጋጉ በከንፈሩ ጠርዝ ይመለሳል፤ የቀረው ምላሱ ላይ ያርፍና “ይመራል” ብሎ ፊቱን ያጨማድዳል። መቁጠሪያው ሴንሰር ግን “አንድ” ብሎ ይጽፋል! ጣት የሠራውን እንጂ ሳንባ ያገኘውን አያውቅም።

የመሳቡንም ኃይል የሚለካ አለ ይሉኝ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱን “ነበር” ይበሉት። ዲጂሄለር እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ በ2024 አምራቹ ቴቫ ራሱ ከገበያ አወጣው።

እኔን የገላገለኝ ባዶ ሃይላንድ ነው። የኬፕታውኗ ሐኪም ሄዘር ዛር ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣችው ጥናት፣ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ፓፉ ላይ ከሚሰካው የፋብሪካ መሳቢያ (ስፔሰር) እንደማያንስ አሳይቷል። የጠርሙሱ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ፓፉ እዚያ ይሰካል፣ ዙሪያው ይታሸጋል፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ቀስ እያለ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። ከዚያ ወዲህ “ይመራል” አላለኝም። ለሴንሰር የሚወጣው ገንዘብ ይህን ለሚያሳይ አንድ ነርስ ይዋል።

ፋርማሲስቱ፦

በሃይላንዱ እጄን ሰጥቻለሁ፤ ነገ መስኮቴ ላይ አንድ በስቼ አስቀምጣለሁ። ግን እሱም ቢሆን ትናንት ማታ መወሰዱን አይነግረኝም። ልጅዎ ትናንት ማታ ወስዷል?

እናቲቱ፦

ካላንደራችን ላይ እርሳስ አስሬለታለሁ፤ በወሰደ ቁጥር አንድ መስመር ያሰምራል። ጥያቄዎን ሳነብ ሄጄ አየሁት። የትናንት ማታው ባዶ ነው፤ እንግዳ ነበረብን።