የሄይቲ የመሬት ስንጥቅና የግንባታ ቁጥጥር ትምህርት

በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው የሂስፓኒዮላ ደሴት የካሪቢያንና የሰሜን አሜሪካ የመሬት ቅርፊቶች በሚተሻሹበት ወሰን ላይ የተቀመጠች ናት። ቅርፊቶቹ በዓመት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳሉ። ከዚህም 7 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን የሚሸከመው ደቡባዊ ሄይቲን አቋርጦ የሚያልፈው የኤንሪኪዮ የመሬት ስንጥቅ ሥርዓት ነው።

የስንጥቁ ግራና ቀኝ ተቆላልፎ በሚቆይበት ዘመን ኃይል ይጠራቀማል፤ ቁልፉ ሲላቀቅ ምድር ትናወጣለች። እ.ኤ.አ. በ1751 እና በ1770 ፖርት ኦ ፕራንስ በመሬት መንቀጥቀጥ ወድማለች። የወቅቱ የፈረንሳይ ቅኝ አስተዳደርም በድንጋይ መገንባትን ከልክሎ ቤቶች በእንጨት እንዲሠሩ አዝዞ ነበር። ይሁንና ተከትሎ የመጣው የረጅም ዘመን ጸጥታ ጥንቃቄውን አስረስቶታል።

የሥነ ምድር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ስንጥቁ መጠኑ 7 ነጥብ 2 የሚደርስ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. መጠኑ 7 ነጥብ 0 የሆነ አደጋ ደረሰ። የአገሪቱ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 316 ሺህ ሲያደርስ፣ ሌሎች ግምቶች ከዚህ በእጅጉ ያንሳሉ። ቤተ መንግሥቱ፣ ምክር ቤቱና አብዛኞቹ የሚኒስቴር ሕንፃዎች በመፍረሳቸው ዕርዳታውን ማስተባበር የሚገባው አካል ራሱ ተጎጂ ሆነ።

በዚያው ዓመት የካቲት ወር በቺሊ የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 8 ነጥብ 8 ቢሆንም የሟቾቹ ቁጥር ከ600 በታች ነበር። የሄይቲው አደጋ ለዋና ከተማዋ እጅግ መቅረቡ ለልዩነቱ አንድ ምክንያት ነው። ሆኖም በቺሊ የግንባታ ሕግ በሥራ ላይ ሲውል፣ በሄይቲ አስገዳጅ ደንብም ሆነ ቁጥጥር አለመኖሩ ሚዛን የሚደፋ ምክንያት ነው።

በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች በ2002 ዓ.ም. በዋናነት የተላቀቀው ቀደም ሲል በካርታ ያልሰፈረ ሌላ ስንጥቅ መሆኑን አሳይተዋል። ስለሆነም በዋና ከተማዋ አቅራቢያ በዋናው ስንጥቅ የተጠራቀመው ኃይል በአብዛኛው አልወጣም። ነሐሴ 8 ቀን 2013 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ሄይቲ የደረሰውና ከ2 ሺህ 200 በላይ ሰዎችን የገደለው፣ መጠኑ 7 ነጥብ 2 የሆነ መንቀጥቀጥም የሥርዓቱን ንቁነት አረጋግጧል።

የመንቀጥቀጥን ቀን አስቀድሞ መናገር የሚያስችል ሳይንስ እስከ ዛሬ የለም። የአደጋው ስፋት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው የግንባታ ፈቃድ በሚሰጥበትና ግንባታው በሚመረመርበት ጠረጴዛ ላይ ነው።