ክኒኑ ተዋጠ ማለት ብረቱ ደም ገባ ማለት አይደለም

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራውን የተሠራ ሰው ቀዶ ሕክምናውን የትም ያድርገው የት፣ ቤቱ ጀሞ ወይም ሳሪስ ከሆነ የዓመታት ክትትሉ የሚወድቀው በሰፈሩ ጤና ጣቢያና ፋርማሲ ላይ ነው። እዚያ በቅርብ የሚገኘው አይረን ደግሞ ለነፍሰ ጡሮች የተዘጋጀው፣ 60 ሚሊ ግራም ብረት ከፎሊክ አሲድ ጋር የያዘው ክኒን ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ርካሽም ነው። ሕክምናው በሚዋጥ ክኒን ይጀመር በሚለው እስማማለሁ። የምቃወመው ያለ ምርመራና ያለ ቀን ገደብ «አይረን ውሰድ» ብሎ መሸኘትን ነው።

ብረት በዋናነት የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። ባይፓስ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ምግብም ክኒንም ያንን ቦታ ዘለው እንዲያልፉ ያደርጋል። ስሊቭ የሚባለው ደግሞ አንጀቱን ባይነካም ጨጓራውን ስለሚያሳንስ፣ ብረቱን ለመመጠጥ የሚያዘጋጀው አሲድ ይቀንሳል። ሰገራው ሲጠቁር አይቶ «ክኒኑ እየሠራልኝ ነው» የሚል ሰው አለ፤ ጥቁረቱ ግን የሚያሳየው ሳይመጠጥ ያለፈውን ብረት ነው። በዓለም አቀፍ መመሪያዎች መሠረት የወር አበባ ለምታይ ሴትና እነዚህን ቀዶ ሕክምናዎች ላደረገ ሰው መከላከያው በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ነው፤ እጥረቱ ከተከሰተ በኋላ ግን ከ150 እስከ 200 ይደርሳል። ስለዚህ ያቺ አንዲት ክኒን ለመጠበቅ ትበቃለች፣ ለማከም አትበቃም። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚለየው የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ፌሪቲን ነው፤ ሂሞግሎቢን የሚወርደው የተከማቸው ብረት ካለቀ በኋላ ነውና።

«ጤፍ የምንበላ ሰዎች ብረት ምን ያጎድለናል?» ይባላል። ጤፍ ብረት አለው፣ እርሾውም ያግዛል፤ ሆኖም በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ውህድ ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ቡናም እንዲሁ ነው። ጠዋት አቦሉ እየተቀዳ የሚዋጥ ክኒን አብዛኛው ይባክናል፤ ካልሲየም ከሚወሰድበት ሰዓትም ቢያንስ ሁለት ሰዓት መራቅ አለበት። «ሆድ ያቃጥላል፣ ያደርቃል» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፣ ሊናቅም አይገባም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመጨረሻው እርግዝናቸው ወቅት አይረን የወሰዱት እናቶች 42 በመቶ ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የዘለቁበት ግን 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀን እየዘለሉ መውሰድ ሆድን ሊያሳርፍ ይችላል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ብረታቸው ባለቀ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ እንዲያውም ሲዘለል የሚመጠጠው መጠን እንደሚሻል አሳይቷል፤ ሴቶቹ ግን ጨጓራቸውን የተሠሩ አልነበሩም።

በደም ሥር የሚሰጠው ብረት ውድ ነው የሚለው ሙግት ለእኔ የሚያጠናክረው ምርመራውን ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሂሞግሎቢኑ በዴሲሊትር 1 ግራም የጨመረለት ሰው ወጪው ይቀርለታል፤ ያልጨመረለት ደግሞ፣ ክኒኑን በአግባቡ እየወሰደ ከሆነ፣ በደም ሥር ወደሚሰጠው ይሸጋገራል እንጂ ዓመት ሙሉ ደክሞትና ትንፋሽ አጥሮት ክኒን አይቆጥርም። ይህ እንዲሆን ታካሚው ባይፓስ ይሁን ስሊቭ የተሠራው የሚል ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ካርዱን የሚከፍተው ባለሙያም መጀመሪያ ያንን ይጠይቅ።