ይድረስ የተማሪ ውጤት መሙያ ገጽ ለምትሠሩ ሁሉ



የአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ በአንድ ገጽ ትደረድሩና ከግርጌው አንዲት «አስቀምጥ» የምትል ቁልፍ ታኖራላችሁ። ለመምህር ይመቻል፤ በዚህ አልከራከርም። የምቃወመው ቁልፉ ከተጫነ በኋላ የምታደርጉትን ነው፤ መምህሩ የነካውንም ያልነካውንም ረድፍ በጅምላ ዳታቤዙ ላይ ትጽፉታላችሁ።

ሁለት መምህራን ያንኑ ገጽ ከፈቱ እንበል። አንዷ የአንድ ተማሪን 47 ወደ 74 አርማ ታስቀምጣለች። ሌላው ከሩብ ሰዓት በፊት በከፈተው ገጽ ላይ የሌላ ልጅ ውጤት ሞልቶ ቁልፉን ይጫናል። 74ቱ ተመልሶ 47 ይሆናል። ማንም አልተሳሳተም፤ ወላጅ ካርዱን ይዞ ሲመጣ ግን የምትጠየቀው መምህርቷ ናት። ለእያንዳንዱ ረድፍ የእትም ቁጥር ሰጥታችሁ፣ ገጹ ሲከፈት የነበረው ቁጥር አለመለወጡን ከመጻፋችሁ በፊት ብታረጋግጡ ይህ ባልደረሰ ነበር። ሬይልስ ለዚሁ የተሰየመ ዓምድ ካገኘና ገጹ ሲከፈት የነበረውን ቁጥር ከፎርሙ ጋር መልሳችሁ ከላካችሁለት ፍተሻውን ራሱ ይሠራላችኋል።

የቀሪ ምልክቱስ? አሳሽ ያልተመረጠ ቼክቦክስ ወደ ሰርቨር አይልክም። እናንተ ደግሞ የደረሳችሁን በቅደም ተከተል ትቆጥራላችሁ። ሁለት ልጆች ከቀሩ ምልክታቸው በዝርዝሩ አናት ላሉት ሁለት ስሞች ይደርሳል፤ እነ ሀብታሙ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው «ቀሪ» ይባላሉ። ረድፉን በተማሪው መለያ ቁጥር መጥራት ይህን ያህል ይከብዳል? (ቁጥሩንም ቢሆን እንዲሁ አትመኑት፤ መምህሩ ያንን ተማሪ የማረም ፈቃድ እንዳለው ሰርቨሩ ላይ ፈትሹ።)

ከሁሉ የሚያናድደኝ ዝም ብሎ የሚጠፋው ነው። ፒኤችፒ ከ5.3.9 ጀምሮ፣ ቅንብሩን ካልለወጣችሁት፣ ከአንድ ፎርም 1000 ግቤት ብቻ ይቀበላል። 90 ተማሪ በ12 ሳጥን 1080 ነው። ስለዚህ 84ኛው ተማሪ ላይ ይቆረጣል። ማስጠንቀቂያው ማንም ወደማያነበው ሎግ ይገባል፤ ገጹ ግን «በትክክል ተቀምጧል» ይላል። በሀሁ ተራ የሚጎዱት እነ ፀሐይና ፍቅርተ ናቸው። ጃንጎም ገደቡ 1000 ነው፤ ግን ሲያልፍ ሁሉንም ይመልሳል እንጂ ከፊሉን ውጦ ዝም አይልም።

የተለወጠውን ረድፍ ብቻ ጻፉ። ያልተቀመጠ ካለ የተማሪውን ስም ጠርታችሁ ለመምህሩ ንገሩት። ሴሚስተሩ ከመዘጋቱ በፊትም 90 ተማሪ ባለው ክፍል ሞክሩና የመጨረሻው ልጅ ውጤት መግባቱን ዳታቤዙ ውስጥ በዓይናችሁ እዩ።