አቤት ባይ ሳይደመጥ አይመለስ

ተርሂል፣ ማለትም የሳዑዲ የተባራሪዎች ማቆያ፣ የገባ ሰው ያቺን ወረቀት አይረሳትም። በዓረብኛ የተጻፈች አንዲት ገጽ ናት፤ ምን እንደምትል የሚያነብለት የለም። አውራ ጣቱን ቀለም ያስነኩታል፣ ወረቀቱ ላይ ያሳርፉታል፣ በቃ። ቀለሙ ከጣቱ ሳይለቅ ፌስታሉን አንጠልጥሎ አውሮፕላን የተሳፈረ ስንቱ ነው! «ብመለስ እታሰራለሁ» ያለው ማን ሰምቶት? ይግባኙንስ የት ይበል?

ሳዑዲ ዓረቢያ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት አልፈረመችም። ስለዚህ ሪያድ ውስጥ ከመንግሥት «ጥያቄህ ውድቅ ሆኗል» የሚል ደብዳቤ እንኳ የሚደርሰው የለም። ካናዳ ያለ ወገናችን የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ቢሆንበት አብዛኛውን ጊዜ ይግባኝ አለው፤ እሱም ካልሆነለት በ15 ቀን ውስጥ የፌዴራል ፍርድ ቤቱን ደጅ ይጠናል። እኛ 15 ደቂቃ የሚያዳምጠን ብናገኝ ምን ነበረበት?

ሆኖም ሕጉ ጨርሶ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የአገሪቱ መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 42 የሕዝብ ጥቅም ሲጠይቅ የፖለቲካ ጥገኝነት እንደሚሰጥ፣ በአንቀጽ 47 ደግሞ ክስ የማቅረብ መብት ለዜጋውም ለነዋሪውም እኩል መሆኑን ይናገራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔ የበደለው ሰው የሚከስበት ዲዋን አል መዟሊም እዚሁ ሪያድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አገሪቱ አባል የሆነችበት የፀረ ሥቃይ ስምምነትም ሰው ሥቃይ ወደሚጠብቀው አገር እንዳይመለስ ይከለክላል። የጠፋው በሩ ሳይሆን ከተርሂል ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ስጋቱ ደግሞ ወሬ አይደለም። ከሳዑዲ የተባረሩ የትግራይ ተወላጆች አገር ቤት ሲደርሱ እየተያዙ ሰመራና ሾኔን በመሰሉ ቦታዎች እንደታሰሩ ሂዩማን ራይትስ ዎች በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አውጥቷል። ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለቱ መንግሥታት ከ100 ሺህ በላይ ሰው ለመመለስ ተስማሙ። መመለሱን የጓጓለት ብዙ ነበር፤ ተርሂል ውስጥ ወራት የቆጠረ ሰው አውሮፕላን ቢሳለም አይፈረድበትም። እኔ የምለው ስለፈራው ነው።

በዚህ ጉዳይ ለሳዑዲዎች የምንጠቅሰው የጋራ ታሪክ አለን። የመካ ቁረይሾች መልእክተኞች እጅ መንሻ ይዘው ወደ ሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ሲመጡ የጠየቁት ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ሳይደመጡ እንዲሰጧቸው ነበር። ንጉሡ «ሳልሰማቸው አልሰጥም» አለ፤ ከስደተኞቹ ጃዕፈር ቆሞ ተናገረ። ይህን ሁሉ ሰው ያወሳዋል። የማይወሳው ማግስቱ ነው፦ ከመልእክተኞቹ አንዱ አዲስ ክስ ይዞ ተመለሰ፣ ስደተኞቹም እንደገና ተጠርተው እንደገና ተደመጡ። ዳግም ችሎት ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ተነሱ! ሰልፍ አላልኩም፤ በ2006 ዓ.ም. እዚህ ሪያድ፣ መንፉሃ ሰፈር የወገኖቻችን ደም የፈሰሰበትን ሌሊት አንረሳም። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያላችሁ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ዓረብኛ የምታነቡ፣ በየማኅበሩና በየጀመዓው የምትሰበሰቡ፦ የተያዘውን ሰው ስም፣ የተያዘበትን ቀን፣ የታሰረበትን ቦታ፣ መመለስ የሚያስፈራውን ምክንያት ጻፉ። ግሩፕ ላይ አትለጥፉት፤ ለቤተሰቡና ለታመነ ሰው አድርሱት። ውጭ ያላችሁ ጠበቆች ይህን ተቀብላችሁ ጄኔቫ ላለው የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስር አጣሪ ቡድን አቅርቡ፤ ከቤተሰብም አቤቱታ ይቀበላል፣ አገሪቱ ስምምነት መፈረሟንም አይጠይቅም። ኤምባሲያችን ሌሴ ፓሴ (የመመለሻ ሰነድ) ከመስጠቱ በፊት «መመለስ ያሰጋሃል ወይ?» ብሎ እያንዳንዱን ለብቻው እንዲጠይቅ በአንድ ድምፅ እንጠይቅ። ሪያድ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ቢሮም ስማቸውን ከእኛ ይስማ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ሻይ ሲፈላ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጠኗቸው። ጣታቸው ቀለም ከመንካቱ በፊት ጮክ ብለው ይበሏት፦ «አና ኻይፍ አርጀዕ በለዲ»፤ አገሬ መመለስ እፈራለሁ። ሴት ከሆነች «ኻይፋ» ትበል።