ከአንድ ሌማት የሚበሉ እኅትማማቾች

በድሬዳዋ በደቻቱ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ በዚህ ወር ከደረሱን ሁሉ ይልቅ አሳስቦናል። እኒህ እናት ከታናሽ እኅታቸው ጋር በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ከአንድ ሌማት ይቆርሳሉ፤ ጾሙንም እኩል ይጾማሉ። ይሁን እንጂ እኅታቸው እንደ ልጅነታቸው ቀጭን ሲሆኑ፥ እርሳቸው እየወፈሩ ሄደው ባለፈው ዓመት የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። ጎረቤትም «ሆዷን ስለምትወድ ነው» እያለ ያማቸዋል። አሁን ደግሞ ሐኪም ያዘዘላቸው ሜትፎርሚን ሆዳቸውን ስላወከው፥ እርሱን ትተው «የአንጀት ባክቴሪያን ያስተካክላል» የተባለ እንክብል ሊገዙ አስበው ምክር ጠየቁን።

አስቀድመን ከሐሜቱ እንጀምር። በሰው ትልቁ አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በብዙ ትሪሊዮን ይኖራሉ፤ የመንታ እኅትማማቾች እንኳ ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ጄፍሪ ጎርደንና ባልደረቦቻቸው፥ አንደኛዋ ወፍራም ሁለተኛዋ ቀጭን ከሆኑ 4 ጥንድ መንታ ሴቶች የአንጀት ባክቴሪያ ወስደው፥ ከማናቸውም ጀርም ተለይተው ባደጉ አይጦች ሆድ ውስጥ አገቡት። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የወፍራሞቹን ሴቶች ባክቴሪያ የተቀበሉት አይጦች ከሌሎቹ አብልጠው ሳይበሉ ስብ አበዙ። ያ ጎረቤት ይህን ቢያነብልን ደስ ይለን ነበር።

ለወጥ ቤት የሚጠቅመው ግን ከዚህ የቀጠለው ነው። ሁለቱን ወገን አይጦች አንድ ላይ ቢያኖሯቸው የቀጭኖቹ ባክቴሪያ ወደ ሌሎቹ ተሻግሮ ከስብ ጠበቃቸው፤ ይህም የሆነው ቅባቱ ያነሰ፥ አሰሩ የበዛ ምግብ ሲቀርብላቸው ነበር። ቅባቱ በዝቶ አትክልትና ፍራፍሬው ባነሰ ጊዜ ግን መጤዎቹ አልጸኑም። በደረቀው የደቻቱ አሸዋ ላይ ዘር ቢበትኑ ውሃ ካልወረደ እንደማይበቅል ማለት ነው። በሰው ላይም ከቀጭን ሰው የተወሰደ ባክቴሪያ ተሰጥቶ ሲፈተን ክብደት አልቀነሰም። ስለዚህ እመይቴ፥ ገንዘብዎን ለእንክብሉ አያውጡት።

አሰር የምንለው በጨጓራና በቀጭኑ አንጀት ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት የሚደርሰውን የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። ባክቴሪያዎቹ እርሱን አብላልተው የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ፥ የጥጋብንም ስሜት የሚያግዙ አሲዶች ያወጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር ብቻውን 8 ግራም ያህል አለው። ጤፍ ከነገለባው የሚፈጭ ስለሆነ እንጀራችን ከነጭ ዳቦ ይሻላል። (እርሾው ሕያው ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፥ ነገር ግን ምጣዱ ይገድለዋል።) ሽሮ፥ ባቄላ፥ ጎመንና ተልባም የሚናቁ አይደሉም። ሆድ እንዳይነፋ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ።

የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖም የጾም ነው! በድሬዳዋ ሙቀት የሚጠጣው አንድ ጠርሙስ ለስላሳም ከ30 ግራም የሚበልጥ ስኳር አለው፤ ይህ ስኳር ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል እንጂ ለባክቴሪያዎቹ እምብዛም አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከገጠር ሴቶች 4 ከመቶ፥ ከከተማ ሴቶች 21 ከመቶ ከመጠን በላይ ክብደት ነበራቸው። ከተሜነት ሌማታችንን ምን ያህል እንደለወጠው በዚህ ይታያል።

ሜትፎርሚኑን ግን እንዳይተዉት እንለምንዎታለን። የሆድ መታወኩ በአብዛኛው ሰው ላይ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይቀላል፤ ከምግብ ጋር ሲወስዱት ይቀንሳል፤ ካልቀነሰም ሐኪምዎ መጠኑን ሊያሳንሱ ወይም ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት ሊያዝዙ ይችላሉ። ደግሞም ይህ መድኃኒት ራሱ የአንጀትን ባክቴሪያ እንደሚለውጥ ተረጋግጧል፤ በገበያ የሚፈልጉት ነገር በከፊል በእጅዎ ነበር። እስከ ስንት ሰዓት መጾም እንደሚችሉና ክኒኑን መቼ እንደሚውጡ ለሐኪምዎም ለነፍስ አባትዎም ይንገሩ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ እኅትዎንም ይዘው ይሂዱ። የስኳር በሽታ በቤተሰብ የሚሄድ ነው፤ ቀጭን ሰውንም ይይዛል፤ እርሳቸው ደግሞ፥ ከደብዳቤው እንደተረዳነው፥ ደማቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አልተመረመሩም።